ተመልካቹን የሚቆጥረው ማን ነው?

በስትሪሚንግ ዘመን ስለሚታየው የፊልምና የቴሌቪዥን ስቱዲዮዎች ለውጥ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሲኒማ ቤቶች ዕጣ ፈንታ ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ ጥልቁ ለውጥ የታየው ፊልሙ በሚታይበት ቦታ ላይ ሳይሆን ተመልካቹን በሚቆጥረው አካል ላይ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 በፓራማውንት ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ተከትሎ፣ ታላላቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ከሲኒማ ቤት ባለቤትነት ለመለየት ተገደዱ። ፊልሙን የሚሠራውና የሚያሳየው ወገን የተለያዩ በመሆናቸው፣ የትኬት ገቢ በሁለቱ መካከል የሚተሳሰብ ሒሳብ ሆነ። በቴሌቪዥንም የተመልካቹን ብዛት ይለካ የነበረው እንደ ኒልሰን ያለ ሦስተኛ ወገን ነው።

ኔትፍሊክስ ከአከፋፋይነት ወደ አምራችነት ሲሸጋገር፣ ዲዝኒም እ.ኤ.አ. በ2019 የራሱን የስትሪሚንግ አገልግሎት ሲከፍት፣ ይህ ልዩነት ፈረሰ። በ2020 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የፓራማውንትን ገደብ ሲያነሣ፣ ሕጉ ገበያው አስቀድሞ የሄደበትን መንገድ ተከተለ። አምራቹ፣ አሳዪውና ቆጣሪው አንድ ሆኑ።

የዚህ ውጤት በባለሙያው ኑሮ ላይ ታይቷል። በቀድሞው አሠራር አንድ ተከታታይ ድራማ በድጋሚ በተሠራጨ ቁጥር ጸሐፊው ክፍያ ያገኝ ነበር። በስትሪሚንግ ግን ክፍያው ከተመልካቹ ብዛት ጋር አልተያያዘም ነበር፤ ሙሉውን ብዛትም የሚያውቀው ድርጅቱ ብቻ ነበር። በ2023 ለ148 ቀናት የዘለቀው የአሜሪካ ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። በስምምነቱ መሠረት፣ ከፍተኛ በጀት የተመደበለት ሥራ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከአገር ውስጥ ተመዝጋቢዎች 20 በመቶ ያህል ዕይታ ካገኘ ጸሐፊው ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። የዕይታው መረጃ ግን ለማኅበሩ የሚሰጠው በምስጢር እንዲጠበቅ ነው።

ኔትፍሊክስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ከ18,000 በላይ ሥራዎች የታዩበትን ሰዓት ይፋ ማድረጉን በመጥቀስ፣ ምስጢራዊነቱ አብቅቷል የሚሉ አሉ። እርምጃው በጎ ነው። ሆኖም የሚገለጠውን፣ የሚገለጥበትን ጊዜና የመለኪያውን ዓይነት የሚወስነው አሁንም ራሱ ባለጉዳዩ ነው።

ስለዚህ ክፍያ የሚታሰብበትና ጥናት የሚመሠረትበት የዕይታ ቁጥር በገለልተኛ ወገን ሊመረመር ይገባል። ተመራማሪዎችም ድርጅቶቹ የሚያወጡትን አኃዝ በማስረጃነት ሲጠቀሙ፣ ማን እንደቆጠረውና በምን እንደቆጠረው አስቀድመው ሊያስረዱ ይገባል። ይህ ካልሆነ የዘመኑ የፊልም ታሪክ የሚጻፈው ከሻጩ መዝገብ ብቻ ይሆናል።