ምስክር የሌለው ባጅ

ሚያዝያ 14 የመሬት ቀን ነው። በዕለቱ የአፕል ሰዓት ያሰረ ሰው 30 ደቂቃ ስፖርት ከሠራ፣ ስልኩ ላይ በቀለም ያሸበረቀ ሜዳልያ ብቅ ይልለታል። የዌቢናር አዘጋጆችም በዚህ አይታሙም። የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ሚያዝያ 25 የፕሬስ ነፃነት ቀን በመጣ ቁጥር ስሙንና ኢሜይሉን ለሞላ ሁሉ የተሳትፎ ሰርተፍኬት በፒዲኤፍ ይላካል። ካሜራውን ዘግቶ ምሳውን ሲበላ የቆየውም፣ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ የተከታተለውም የሚደርሳቸው አንድ ዓይነት ነው። ሊንክድኢን ላይ ሲለጠፍ ደግሞ «እንኳን ደስ አለህ» ባይ አይጠፋም።

ብዙዎች የእነዚህ መታሰቢያዎች ዋጋ የረከሰው ስለበዙ ይመስላቸዋል። መብዛታቸው ግን ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው አብዛኞቹ ከሰጪው በቀር ምስክር የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ሰጪውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያላየውን ነው የሚመሰክረው።

ነገሩን በቴክኖሎጂ ለመፍታት የተሞከረበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ በተካሄደው ኢትዴንቨር የተሰኘ የኢቴሪየም ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ፣ ለተገኙ ሰዎች ፖአፕ የሚባል ዲጂታል ባጅ ተሰጠ። ባጁ ብሎክቼይን በሚባለው የጋራ ዲጂታል መዝገብ ላይ የሚሰፍር ቶክን ስለሆነ ማንም አስመስሎ ሊሠራው አይችልም። አሠራሩ ተወደደና ከጉባኤ እስከ ኦንላይን ስብሰባ ተዛመተ። ቀዳዳው የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። ባጁ የሚወሰደው በኮድ ወይም በሊንክ ስለሆነ፣ አንድ ተሳታፊ ኮዱን ቴሌግራም ላይ ከለጠፈው ከአልጋው ያልወረደ ሰውም ይወስደዋል። ወደፊት ባጅ ላላቸው ነፃ ቶክን ይታደል ይሆናል በሚል ተስፋ ይህንኑ ሥራዬ ብለው የያዙም ነበሩ። ብሎክቼይኑ የሚያረጋግጠው ቶክኑ የዲጂታል ቦርሳ ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው። ሰውየው አዳራሹ ውስጥ ስለመግባቱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ገንዘብ የወጣበትም ቢሆን ከዚህ አልተሻለም። የኮቼላ የሙዚቃ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የዕድሜ ልክ መግቢያ የሚያስገኙ 10 ዲጂታል ቁልፎችን ኤፍቲኤክስ በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በኩል ለጨረታ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኤፍቲኤክስ ሲከስር፣ ገዢዎች ንብረታቸውን ከዚያ ማውጣት አቃታቸው። «ለዘላለም ያንተ ነው» ተብሎ የተሸጠው ነገር ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ከሁሉም የተሻለው መልስ የተገኘው ግን ፋሽን አልፎበታል በሚባል ሠፈር፣ በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ ሞገድ በሚነጋገሩት የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ዘንድ ነው። ሚያዝያ 10 የሚከበረው የዓለም አማተር ሬዲዮ ቀን፣ ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተበት ዕለት ነው። በዚህ ቀን ብዙዎች ለበዓሉ በወጣ ልዩ የጥሪ መለያ አየር ላይ ይወጣሉ። ሁለት ጣቢያዎች ሲገናኙ እያንዳንዳቸው የሌላውን መለያ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሞገዱንና የድምፁን ጥራት በየመዝገባቸው ያሰፍራሉ። ድሮ ማረጋገጫው በፖስታ የሚላክ ኪውኤስኤል ካርድ ነበር። የአሜሪካው የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የዲጂታል መዝገብ ከፈተ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ከሚገኘው የኢቲ3ኤኤ ክበብ ጣቢያ ጋር ተነጋግሬያለሁ የሚል ሰው፣ ግንኙነቱ የሚጸድቅለት ጣቢያው በበኩሉ ያንኑ ግንኙነት መዝግቦ ከላከ ብቻ ነው። የሁለቱ ሰዓት ከ30 ደቂቃ በላይ ከተራራቀ ውድቅ ነው። መዝገብ ለመላክ የሚያስፈልገውን ዲጂታል ፊርማ ለማግኘትም ከአሜሪካ ውጭ ያለ አመልካች ፈቃዱን ማሳየት ግድ ይለዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር አመልካች የሚስጥር ቁጥር በፖስትካርድ ወደ ቤቱ ይላካል። አሰልቺ ነው፣ አዎ። ቢሆንም መቶ አገሮችንና ግዛቶችን አገናኝቻለሁ ብሎ የዲኤክስሲሲ ሽልማት የተቀበለ ሰው ላይ የሚያላግጥ የለም።

ይህም አደጋ አላጣውም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ማኅበሩ በሳይበር ጥቃት ተመትቶ መዝገቡ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ተዘጋ። ዋናው ማስረጃ ግን በየሰዉ ቤት፣ በየራሱ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር አገልግሎቱ ሲመለስ ሰዉ ያጠራቀመውን ግንኙነት መላክ ቀጠለ።

ለዌቢናር አዘጋጆች ይህን ያህል መድከም ላያስፈልጋቸው ይችላል። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2011 ያስተዋወቀው ኦፕን ባጅስ የተባለው ደረጃ፣ ባጁን ማን እንደሰጠውና በምን መስፈርት እንደተሰጠ ምስሉ ውስጥ አብሮ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ተሸላሚው የሠራው ሥራ በማስረጃነት የሚያያዝበት ቦታም አለው። ይህ ቦታ ግን መሞላቱ ግዴታ አይደለም። የተሳታፊው ጥያቄ፣ ያቀረበው ጽሑፍ ወይም የመራው ውይይት እዚያ ቢገባ፣ የቀጣሪ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል አንድ የሚያነበው ነገር ያገኛል።