ስለ ጠብታና ስለ ውርጭ

ለዚህ ሳምንት የቤተ ሰብ ገጽ የመረጥነው ነገር መጠኑ ትንሽ ነው፤ ይኸውም አንዲት ጠብታ በቀዘቀዘ ነገር ላይ ስታርፍ የምትሆነውን መመልከት ነው። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በዋግ ደጋ የቆመውን የገብስ እሸት ይመልከት። ሰቆጣ ራስዋ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ከርስዋ ከፍ ባለው በጋዝጊብላ ደጋ ደግሞ ቁሩ ይበረታል። ወደ ተከዜ የሚወርደው የዝቋላና የአበርገሌ ቆላ ግን በዚያው ሌሊት ሙቀት አይለየውም።

ሰማዩ ጥርት ባለበት፥ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ቅጠል ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በሰው ቁመት የተሰቀለው የሙቀት መለኪያ ከዜሮ በላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ በምድር አጠገብ ውርጭ የሚያርፈው ስለዚህ ነው። ማልዶ በገብስ ቅጠል ጫፍ የሚታየውም ጠብታ ሁሉ ጤዛ አይደለም፤ ከፊሉ ተክሉ ራሱ በሥሩ ስቦ በጫፉ ያወጣው ፈሳሽ ነው።

ውኃ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ወዲያው በረዶ ይሆናል ማለት የተለመደ አነጋገር ነው፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ፍጹም ንጹሕ የሆነች ደቃቅ ጠብታ ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ሳትጠጥር ልትቈይ ትችላለች። በረዶ እንዲጀምር እንደ እርሾ ያለ መነሻ ይፈልጋል፤ ይህም መነሻ አቧራ ወይም የዕቃው ሻካራነት ሊሆን ይችላል። በቅጠል ላይ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ፕሴውዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባለው ከዜሮ በታች ገና በጥቂት ዲግሪ ጠብታውን የሚያጠጥር እርሾ ይሆናል።

በቀዘቀዘ ብረት ላይ ያረፈች የውኃ ጠብታ ከታች ወደ ላይ ትጠጥራለች፤ ውኃም በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚሰፋ የመጨረሻው ክፍል ወደ ላይ ተገፍቶ እንደ ጕልላት ይሾላል። ወተትና ደም ግን፥ የእሸትም ጭማቂ፥ ንጹሕ ውኃ አይደሉም። በረዶ ሲሠራ የሚቀበለው ውኃውን ብቻ ነው፤ ጨውንና ስኳርን፥ ፕሮቲንንና ቅባትን ከደጅ ያስቀራቸዋል። እነዚህ የተገፉት ሁሉ በቀረው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ይጨናነቃሉ፤ ብዙውንም ጊዜ ጕዳቱ የሚመጣው ከብርዱ ይልቅ ከዚህ መጨናነቅ ነው። በእሸቱ ውስጥ በረዶው በመጀመሪያ በሕዋሳቱ መካከል ይሠራና ከውስጣቸው ውኃውን ይስበዋል፤ ፍሬው ወተት በያዘበት ሳምንት ይህ ቢደርስበት ይጨማደዳል። ገበሬው «ውርጭ መታው» የሚለው ተክል እንግዲህ በብርድ ምክንያት በጥማት የሞተ ነው።

የላም ወተት በረዶ መሆን የሚጀምረው ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፤ የላሚቱም ደም እንዲሁ ነው፤ ወተቱ በጡትዋ ውስጥ ከደሙ ጋር ሚዛኑን ጠብቆ ይሠራልና። ሻጭ ውኃ ሲጨምርበት ግን ይህ ነጥብ ወደ ዜሮ ይቀርባል፤ የወተት መርማሪዎችም ማጭበርበሩን ከሚይዙበት መንገድ አንዱ ይህ ነው። ይህን ለወይዛዝርት ስናሳውቅ ደስ ይለናል፤ ሻጮች ግን ላይደሰቱ ይችላሉ።

ደም እንዲያው በረዶ ሆኖ ቢቀልጥ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ ስለዚህ ለሕሙማን የሚሰጠው ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ብርድ ሳይጠጥር ይጠበቃል። የኮርማ ዘር ግን ግሊሰሪን ተጨምሮበት፥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ይህንንም የግሊሰሪን ጥቅም የእንግሊዝ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ገለጡት።

ይህን ሁሉ ማውራታችን ስለ ክትባት ለመናገር ነው። የሕፃናት ክትባት ሥራ በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቀበሌው እንዲገባ አግዘዋል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሊጠበቅ ይገባዋል። ሰው ሁሉ የሚፈራለት ሙቀትን ነው፤ ለተከዜ ቆላ ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው። ለደጋው ግን ብርዱም ጠላት ነው፤ ከሁሉ ይልቅም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሳይቈይ በሣጥኑ ውስጥ ከብልቃጡ ጋር የሚቀመጠው በረዶ ያሠጋል። የመንጋጋ ቆልፍ፥ የትክትክ፥ የጉበት በሽታና የሳምባ ምች ክትባቶች የአሉሚኒየም ጨው አለባቸው። ፈሳሹ ሲጠጥር የዚህ ጨው ቅንጣቶች ተገፍተው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ቢቀልጥም ወደ ቀድሞው አይመለሱም፤ የክትባቱም ኀይል ይጐድላል። ሕፃኑ ይወጋል፥ ያለቅሳል፥ በካርዱም ላይ ይጻፍለታል፤ እናቱም ልብዋ ዐርፎ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። ነገር ግን በሽታው በመጣ ጊዜ የሚከላከልለት ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ይህን ገጽ የሚያነቡ ሹማምንት ወደ ጤና ጣቢያ በሄዱ ጊዜ አንድ ነገር እንዲጠይቁ እንለምናለን፤ በሣጥኑ የሚገባው በረዶ፥ ሲወዘወዝ በውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ በውጭ ይቈያልን? የተጠረጠረውን ብልቃጥ ለመመርመርም ሆን ተብሎ በረዶ ከሆነና ከቀለጠ ያው ዐይነት ብልቃጥ ጋር አብሮ መወዝወዝና ጐን ለጐን ማቆም ይገባል፤ የተጠረጠረውም እንደዚያኛው ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣላል። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታና ደረቁ የኩፍኝ ክትባት ግን በረዶ ቢሆኑም አይበላሹም፤ የኩፍኙ መበጥበጫ ውኃ ብቻ ብልቃጡን እንዳይሰነጥቀው በረዶ ሊሆን አይገባውም።