«ዜሮ ሞት» ለሚል ሪፖርት አናጨብጭብ

አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ሙስሊሙ ጎረቤትም በዱዓው ይመርቃታል። በሁለቱም ቤት ወላዷ ከሞት ደጃፍ እንደተመለሰች ይታወቃል። በሰላም ሳትገላገል ስትቀር ደግሞ አፋችን ላይ የሚመጣው «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለው ነው። ይህ ሐዘንተኛን ለማጽናናት ተገቢ ቃል ነው፤ ለጤና ተቋም ግን መልስ ሊሆን አይችልም። እናት ወይም ሕፃን በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሲሞት ከለቅሶው ቀጥሎ መነሳት ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ቢደረግ ኖሮ ይተርፉ ነበር?

ይህን ጥያቄ ሥራቸው ያደረጉ ባለሙያዎች አሉን። የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች፣ አዋላጅ ነርሶች፣ የሕፃናት ሐኪሞች፣ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው። የሟቿን ካርድ ገልጠው፣ በር ላይ ከደረሰችበት ደቂቃ ጀምረው መስመር በመስመር ያነብባሉ። ኢትዮጵያ የእናቶችን ሞት በዚህ መንገድ የመከታተልና የመመርመር ሥርዓት የዘረጋችው እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ኋላ ላይ በወሊድ አካባቢ የሚሞቱ ሕፃናትም ተጨምረውበታል። በእኔ እምነት ዛሬ ለእናቶችና ለጨቅላ ሕፃናት ከምንሠራው ሁሉ ይህን ያህል ክብደት ያለው ሥራ የለም። በፍርሃት እየታፈነ ያለውም ይኸው ሥራ ነው።

ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሰጠሁት ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ አሉ። የእናቶች ሞትም በ100,000 በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት ከ871 ወደ 412 ወርዷል፤ ይህ የ2000 እና የ2016 ጥናቶች ግምት ነው። ለዚህ ውጤት በእግራቸው ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ገና በ1976 የጀመረው የነፍሰ ጡሮች ማቆያ፣ ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ባልደረሰበት አካባቢ በቀዶ ሕክምና እንዲያዋልዱ የሰለጠኑት ባለሙያዎችም የድርሻቸውን አድርገዋል።

የጨቅላ ሕፃናቱ ነገር ግን ሌላ ነው። በ2016 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር፤ በ2019 ቁጥሩ 33 ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለው ልዩነት ከናሙና የመጣ ሊሆን ይችላል። መውረድ ግን አልወረደም። በተቋም የሚወልዱት እጥፍ ለመሆን በተቃረቡባቸው በእነዚያው ዓመታት የሕፃናቱ ሞት ካልቀነሰ፣ እናቲቱን እስከ በሩ ማድረሱ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። በሙያው «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባሉ አሉ፦ ለመሄድ መወሰን፣ መንገድ፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት። አሁን የተጋፈጥነው ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው መዘግየት በደቂቃ የሚለካ ነው። ሕፃኑ ተወለደ፣ አላለቀሰም እንበል። አዋላጇ ታደርቀዋለች፣ ጀርባውን ታሻሸዋለች፣ አፍና አፍንጫውን ታያለች። አሁንም ካልተነፈሰ በአምቡ ባግ አየር መስጠት ትጀምራለች። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ መሆን አለበት። አምቡ ባጉ ክፍሉ ውስጥ «አለ»፣ ንብረት መዝገብ ላይም ተመዝግቧል፤ ነገር ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ወደ ቤቷ በሄደችው ኃላፊ እጅ ከሆነ፣ ወይም ጭንብሉ ለጨቅላ ፊት የማይገጥም ከሆነ ደቂቃዋ አለፈች። ካርዱ ላይ የሚጻፈው «በመታፈን ሞተ» የሚል ነው። ስለ ቁልፉ የሚጽፍ የለም። ስለ ቁልፉ ሊታወቅ የሚችለው የዚያ ሌሊት ተረኛ በኮሚቴው ፊት ሳትፈራ ስትናገር ብቻ ነው። መፍትሔውም አምቡ ባጉን ከሕፃኑ ማሞቂያ ጠረጴዛ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የውጭ እርዳታም ትልቅ በጀትም አያስፈልግም።

የመናገር ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሞት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተረኛዋ ማን ነበረች?» ከሆነ፣ ተረኛዋ ራሷን ለማዳን ትሯሯጣለች። በምጥ ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ መሞላት የነበረበት የምጥ መከታተያ ቅጽ (ፓርቶግራፍ) ከወሊዱ በኋላ ቁጭ ተብሎ ይሞላል፤ መስመሩም የተዋበ ይሆናል። ከዚያ የወረቀቱ እውነትና የክፍሉ እውነት ይለያያሉ። በወሊድ ጊዜ የሞተው ሕፃን «ማህፀን ውስጥ ሞቶ የመጣ» ተብሎ ይመዘገባል። በአገር ደረጃ ሪፖርት የሚደረገው ሞት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ የሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዝ የእናቶችን ሞት ስም ሳይጠራ በምስጢር መመርመር የጀመረችው በ1952 ነበር። ያ ምርመራ ዛሬም ድረስ የዘለቀው ሐኪሙም አዋላጇም የሚናገሩት ቃል መልሶ እንደማይከስሳቸው ስላመኑ ነው።

«ታዲያ ጥፋተኛ አይጠየቅ?» የሚል ይኖራል። ይጠየቅ። ሰክሮ ተረኛነት የገባ፣ ወላድን ጥሎ የሄደ፣ እጅ መንሻ የጠየቀ የዲሲፕሊን ጉባኤም ፍርድ ቤትም አለለት። የሞት ምርመራው ክፍል ግን ከዚያ ክፍል መለየት አለበት። ቃለ ጉባኤው ለፖሊስ ማስረጃ የሚሆን ከሆነ በሚቀጥለው ወር የሚናገር አይገኝም። ቤተሰቡም ቢሆን የሆነውን በግልጽ የመስማት መብት አለው፤ ከምርመራው በኋላ አስጠርቶ የሚያስረዳ ኃላፊ ባየሁ ምንኛ ደስ ባለኝ።

መመሪያና ቅጽ ማባዛት ብቻውን እንደማያድንም በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ታይቷል። 120 የጤና ተቋማትን ባቀፈ ጥናት የዓለም ጤና ድርጅት የወሊድ ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር በአሰልጣኝ ድጋፍ ተሞከረ። የባለሙያዎቹ አሠራር ተሻሻለ፤ ውጤቱ በ2017 ሲታተም ግን ሞት አልቀነሰም ነበር። በአንጻሩ በ2023 የታተመውን የኬንያ፣ የናይጄሪያ፣ የታንዛኒያና የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንመልከት። ከወሊድ በኋላ የሚፈስስ ደም በዓይን ግምት ሲለካ ግማሽ ያህሉ ችግር ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። ከወላዷ ሥር መለኪያ መስመር ያለው ፕላስቲክ ሲነጠፍና ደሙ ልክ ሲያልፍ ማህፀን ማሸት፣ መድኃኒት፣ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ሁሉም በአንድ ላይ ወዲያው ሲሰጥ፣ ከባድ የደም መፍሰስ፣ ለዚያ ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሞት ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። በዚህኛው አዋላጇ በዓይኗ የምታየው ልክ፣ በእጇም የምትሠራበት መድኃኒት ነበራት።

ሌሊቱን ብቻዋን በምጥ የተያዙ በርካታ እናቶችን የምትከታተል አዋላጅ ይህን ሁሉ ትችላለች ብዬ አላምንም። ሰው ይጨመርላት። የትርፍ ሰዓት ክፍያዋም በወቅቱ ይድረሳት።

የጤና ቢሮ ኃላፊዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሩብ ዓመቱ ስብሰባ «ዜሮ ሞት» ብሎ ለመጣው ተቋም የምስጋና ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት መዝገቡን ክፈቱ። ሦስት ሞት መዝግቦ የሦስቱንም ምክንያት ያገኘና ሁለቱን ያረመ ተቋም ካያችሁ ሽልማቱ ለእሱ ይሰጥ።