ቻይንኛ በሠላሳ ቀን? እስቲ በአንዷ ፊደል እንነጋገር

ሰሞኑን «ቻይንኛ በሠላሳ ቀን» የሚል ቪዲዮ የማይልክልኝ ሰው የለም። ስልክ ነካ ነካ ማድረግ መማር አይደለም ባይ ነኝ። ተሳፋሪ ስጠብቅ ደብተር ላይ የምሞነጫጭር ሰው ስለሆንኩ በአንዷ ፊደል ላስረዳ።

ዋሽንግተን ቻይና ታውን የምትቆሙ ሾፌሮች አይታችኋታል። አዲስ አበባም የቻይና ኩባንያ መንገድ በሚሠራበት ቦርዱ ላይ አለች። የኛን «ቀ» ትመስላለች፤ ክቡ ብቻ አራት ማዕዘን ሆኗል። ትርጉሟ «መሐል» ነው። ቻይናዎች የአገራቸውን ስም የሚጀምሩት በእሷ ነው፤ የመሐል አገር እንደ ማለት።

አራት ጭረት ናት። መጀመሪያ የግራው አጭር ቁም መስመር። ሁለተኛው ከላይ ወደ ቀኝ ሄዶ፣ እስክሪብቶ ሳይነሣ፣ ወደ ታች ይታጠፋል። ሦስተኛው ሳጥኑን ከታች ይዘጋል። መሐሉን የሚሰነጥቀው ረጅሙ መጨረሻ ነው። «ቅርጹ ከመጣ ምን ቸገረን?» የሚል አይጠፋም። ይቸግራል! ድምፁን የማታውቁትን ፊደል ከወረቀት መዝገበ ቃላት የምትፈልጉት ጭረት ቆጥራችሁ ነው። ሳጥኑን በአራት መስመር የሣለ ሰው አምስት ቆጥሮ ሲያገላብጥ ይውላል።

ድምፁ «ጆንግ» ነው፤ ግን እንዲሁ ብላችሁ አትለፉ። የምላስ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ሰብሰብ ይላል፤ ድምፅ ከፍ ብሎ ሳይወጣ ሳይወርድ ይዘልቃል። ዝቅ ካደረጋችሁት «ዘር» ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ወደ ታች ከጣላችሁት «ከባድ»። ይህችው ፊደል ራሷ ወደ ታች ስትነበብ ዒላማ መምታት ናት፤ ሎተሪ ለወጣለት ሰው የሚሉት በእሷ ነው። (ለኛ መቼ ይወጣልን ይሆን?)

«ይሄማ የሰው ቋንቋ አይደለም» የምትሉ፣ እስቲ «ገና» ብላችሁ ጻፉ። በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? «አለ»ስ፣ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ፊደላችን አይለይልንም። ጠበቅ ላላውን ከእናታችን አፍ ነው የለቀምነው፤ የቻይናም ሕፃን እንዲሁ። እኛ ግን እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ሲያጠብቁና ሲያላሉ ቢስቱ እንስቅባቸዋለን፤ አናርማቸውም። ከዚያ አማርኛ ከበዳቸው እንላለን።

ጓንጁ ዕቃ ልትጭኑ የምትሄዱ፣ አምሳ ቃል ከምትሸመድዱ ይህችን አንዷን አምሳ ጊዜ ጻፉ፤ ድምፅ እያወጣችሁ። ቻይናዊ ጎረቤት ካላችሁ ያርማችሁ። ከዚያ ለኔም ላኩልኝ፤ ግን ቪዲዮ ይሁን፣ ፎቶ የቱ ጭረት እንደቀደመ አያሳይም።