የአዮዋ የመድኃኒት ሙግት፦ የገጠሩ ፋርማሲ እንዳይዘጋ ወጪውን ማን ይሸከም?

በአሜሪካ ቀዳሚ የበቆሎ አምራች በሆነችው አዮዋ ግዛት፣ አሠሪ ድርጅቶችና የፋርማሲ ባለቤቶች በመድኃኒት ዋጋ ሳቢያ ተፋጥጠዋል። የግዛቲቱ ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ አገረ ገዥዋ ኪም ሬይኖልድስ እ.አ.አ. በጁን 2025 ፈርመውበታል። ሕጉ ፋርማሲዎች ለሚሸጡት መድኃኒት ቢያንስ የአማካይ መግዣ ዋጋውን እንዲያገኙ፣ በዚያም ላይ በእያንዳንዱ የሐኪም ማዘዣ 10.68 ዶላር የማደያ ክፍያ እንዲታከልላቸው ይደነግጋል። ዓላማው በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ያሉ ፋርማሲዎች እንዳይዘጉ መከላከል ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት በመሐል የቆመውን ወገን ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የጤና ሽፋን የሚያገኙት በአሠሪዎቻቸው በኩል ነው። ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች የሠራተኛውን የሕክምና ወጪ ከራሳቸው ካዝና ይሸፍናሉ። የመድኃኒቱን ሥራ ግን ለክፍያ አስተዳዳሪ ድርጅቶች ይሰጣሉ። እነዚህ ድርጅቶች ከአምራቾች ጋር በቅናሽ ይደራደራሉ፤ የትኛው መድኃኒት በሽፋኑ እንደሚካተት ይወስናሉ፤ ለፋርማሲው የሚከፈለውንም ይተምናሉ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ሦስቱ ታላላቅ አስተዳዳሪዎች 80 በመቶ የሚጠጋውን የሐኪም ማዘዣ እንደሚያስተናግዱ ገልጿል። ሦስቱም ከመድን ኩባንያዎች ጋር በአንድ ባለቤትነት ሥር ያሉ ሲሆኑ፣ የራሳቸው ወይም የእህት ኩባንያዎቻቸው ፋርማሲዎችም አሏቸው።

እህሉን ለደላላ አስረክቦ የመጨረሻውን ዋጋ ሳያውቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የአሜሪካው ደላላ በገበያው ውስጥ የራሱ ሱቅም አለው። የገጠር ፋርማሲ ባለቤቶች መድኃኒቱን ከገዙበት ዋጋ በታች እየተከፈላቸው እንደሚከስሩ፣ ደንበኞቻቸውም በፖስታ ወደሚልኩ ፋርማሲዎች እንደሚገፉባቸው ይናገራሉ። የከተማው ብቸኛ ፋርማሲ ሲዘጋ የስኳር ሕመምተኛው ለኢንሱሊን ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ይሆንበታል።

የአሠሪዎቹ ክርክር ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የአዮዋ የንግድና ኢንዱስትሪ ማኅበር ሕጉን ገና በረቂቅነቱ ተቃውሟል። ማኅበሩና ሌሎች አሠሪዎች የሚያነሡት መከራከሪያ፣ የማደያ ክፍያው ከአስተዳዳሪዎቹ ትርፍ ሳይሆን ከአሠሪው ካዝና፣ በመጨረሻም ከሠራተኛው ደመወዝ ይወጣል የሚል ነው። ርካሽ ፋርማሲ የመምረጥ ነጻነታቸው ከተወሰደ ወጪን የሚቀንሱበት መሣሪያ እንደሚያጡም ያስረዳሉ።

ከሳሾቹ በፍርድ ቤት የተመረኮዙት በ1974 በወጣው የፌዴራል የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም ሕግ ላይ ነው። ይህ ሕግ በብዙ ግዛቶች የሚሠራ አሠሪ በየግዛቱ ልዩ ልዩ ደንብ እንዳይጠላለፍ ይጠብቀዋል። የፌዴራል ዳኛው በጁላይ 2025 የሕጉ አንዳንድ ክፍሎች በከሳሾቹ ላይ እንዳይፈጸሙ በጊዜያዊነት አግደዋል። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 በአርካንሳስ ጉዳይ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ፣ ግዛቶች አስተዳዳሪዎች ለፋርማሲ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ዋጋ መደንገግ እንደሚችሉ ወስኖ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ግዛቶች በዚህ ጉዳይ ሥልጣን አላቸው ወይስ የላቸውም የሚል ብቻ አይደለም፤ ሥልጣናቸው እስከ የት ይደርሳል የሚለውም ጭምር ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይታያል። ፋርማሲውም አሠሪውም የሚያማርሩት በመሐል ስለተሰወረው ሒሳብ ነው። ከአምራቹ የተገኘው ቅናሽ ምን ያህሉ ለከፋዩ እንደሚመለስ በግልጽ ካልታወቀ፣ የማደያ ክፍያውን መጨመርም ሆነ መሰረዝ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ይሆናል። አሠሪዎች ክፍያውን ሲቃወሙ የአስተዳዳሪዎቹ ሒሳብ ይገለጥ የሚለውን ጥያቄ በዚያው ጉልበት ካልገፉበት፣ ተቃውሟቸው የሚጠቅመው በመሐል የቆመውን ነው።

ጥያቄው ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የቆመው ገበሬው በሚያዋጣው መዋጮ ላይ ነው። አባሉ ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ደርሶ መድኃኒት ካጣ፣ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል፤ ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። የኛው አሠራር ከአሜሪካው በእጅጉ ይለያል፤ ቢሆንም በጋራ የተዋጣ ገንዘብ ባለበት ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ ገንዘቡ በማን እጅ አልፎ፣ ምን ያህሉ መድኃኒት ሆኖ ለሕመምተኛው ደረሰ?