የድራኩላ ልጅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

ባለፈው እሑድ ወልቂጤ ልጄ ቤት ነበርኩ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ «ሆቴል ትራንሲልቫኒያ» የሚባለውን ካርቱን ታያለች። እናንተም ቤት ልጆቹ ሃያ ጊዜ አይተውት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ፊልም ነው። ደም መጣጩ ድራኩላ እዚያ ላይ የሆቴል ባለቤት ነው፤ ሚስቱ ሞታበት አንዲት ሴት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ልጅቷ 118 ዓመት ሲሞላት «ዓለምን ልይ» ብላ ታስጨንቀዋለች። እኔም አብሬ አየሁ። እውነቱን ለመናገር አባትየው አሳዘነኝ፤ ሴት ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያዝንለታል።

ፊልሙ ሲያልቅ ዞር ብላ፣ «አያቴ፣ ቡዳ ማለት ቫምፓየር ማለት ነው?» አለችኝ።

«ስለ ቡዳ ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«ክፍል ውስጥ ልጆች። አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ እናቷ ሸክላ ነው የምትሠራው። ቡዳ ስለሆኑ ከሷ ጋር ምሳ እንዳትበዪ አሉኝ። ወንበር ቀየርኩ።»

እናቷ ከጓዳ «ምን አልሽ?» እያለች ወጣች። እኔ ግን ስኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የልጅ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይገርማሉ። ቫምፓየሩ የሌሊት ወፍ ይሆናል፤ ቡዳው ጅብ ይሆናል ይባላል። ያኛው ራሱ ከመቃብር ይነሳል፤ ይኼኛው የተቀበረ ሬሳ ያወጣል ይባላል። ያኛው ደም ይመጥጣል፤ ይኼኛው በዓይኑ «ይበላል»። የተበላው ሰው በሁለቱም አገር ይገረጣል፣ ይከሳል፣ እህል አልወርድ ይለዋል። መድኃኒቱ ሳይቀር አንድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት። እነሱ መስኮት ላይ ያንጠለጥሉታል፣ እኛ ከጤና አዳም ጋር አድርገን ሕፃን አንገት ላይ እናስረዋለን። ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው፣ ቀጥቃጮች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለውንና ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ ጽፎታል። ያ ወሬ እኔ ልጅ እያለሁ ቡታጅራም ይወራ ነበር።

ቫምፓየሩ ከመጀመሪያው ካባ የለበሰ መኳንንት አልነበረም። የጎረቤት ሰው፣ ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1732 መጀመሪያ ላይ ሰርቢያ ውስጥ ሜድቬጃ በምትባል መንደር ሰው በላይ በላይ ሲሞት «የሞቱት እየተነሱ ነው» ተባለና የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች መቃብር ከፍተው ሪፖርት ጻፉ። ሬሳው ማበጡንና አፉ ላይ ደም መታየቱን እንደ ምስክር ቆጠሩት። ሬሳ ሲፈርስ የሚያመጣው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1755 ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የግል ሐኪሟን ጌራርድ ቫን ስዊተንን ጉዳዩን አስመረመረችና ሬሳ እያወጡ ማቃጠልን ከለከለች።

ቀጥሎ ደራሲዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1819 ጆን ፖሊዶሪ ቫምፓየሩን ባለማዕረግ አደረገው፤ በ1897 ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ጽፎ ግንብ ውስጥ አስገባው፤ በ1931 ቤላ ሉጎሲ በፊልም ካባውን ለበሰለት። ፍርሃቱ ከመንደር ወጥቶ ግንብ ገባ፣ ከግንብ ሲኒማ፣ ከሲኒማ የልጅ ልጄ ካርቱን ውስጥ። ዛሬ የጎረቤቱን ልጅ «አንተ ድራኩላ» ብሎ ከምሳ የሚያባርር የለም። የእኛው ግን ከመንደር አልወጣም። ቡዳ የሚባለው ሰው ግንብ የለውም፤ ያለው ወናፍ፣ መዶሻና የሸክላ አፈር ነው።

እዚሁ ጉራጌ ውስጥ የእጅ ሙያተኞቹ የኖሩትን ኑሮ አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ ዘርዝሮታል። ቤታችን የቆመበትን እንጨት የሚጠርበው ሰው እንሰት ማሳችንን እንዲረግጥ አይፈቀድለትም ነበር፤ መሬቱ ይመክናል ተብሎ። የሚጠሩበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፣ ዛሬ ስድብ ሆኗል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ገበያ ድረስ ደርሶ ይሆናል፣ ጓዳ ግን አልገባም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ቡታጅራ ነው፣ 1982 ዓ.ም.። የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። አንዲት ሸክላ ሠሪ ጀበና ልትሸጥልኝ ደጄ መጣች፤ ቀሚሷን የያዘች የእሱ እኩያ የምትሆን ልጅ ከኋላዋ ነበረች። ልጄን አይታ «ኧረ ሲያምር!» አለች። ጀበናውን ገዛኋት። ማታ ልጁ እንደ እሳት ጋለ፤ ሌሊት ዓይኑ ተገለበጠ፣ እጅ እግሩ ተንቀጠቀጠ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «በልታዋለች» አለች። ጤና አዳም አጨስን። ልጁ በጭሱ ሲያስል «ሊለፈልፍ ነው» ብለን ጠበቅን።

ሲነጋ ወንድሞቼ ሴትየዋን ይዘዋት መጡ። እንትፍ እንድትልበት። በሩ ላይ ቆማ «ልጅ እኮ ነው፣ ምን አድርጌው?» አለች። ወንድሞቼ አልተንቀሳቀሱም። ያኔ ጎንበስ ብላ እንትፍ አለችበት። እምቢ ብትል የሚደርስባትን ታውቃለች፤ እንትፍ በማለቷ ደግሞ «አመነች» ተባለ።

ልጁ አልተሻለውም። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ አቅፎት ጤና ጣቢያ ሮጠ። ደሙ ሲታይ ወባ ነበር። መድኃኒት ተሰጠውና ዳነ፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። ሴትየዋን ግን ማንም ሄዶ «ወባ ነበር» አላላትም። ከሰፈራችን ከእሷ ሸክላ የሚገዛ ጠፋ፤ እኔም ገበያ ላይ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር። በዓመቱ ቤቷ ባዶ ሆነ። ወዴት እንደሄደች አልጠየቅኩም።

ያን ጊዜ ሳላውቀው፣ የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እዚያው ቡታጅራ ዙሪያ፣ መስቃንና ማረቆ ውስጥ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰው መርምረው ነበር። 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ፤ በእኛ አቆጣጠር ልጄ የታመመበት ዓመት መሆኑ ነው። ስንቱ እናት ጭስ ስታጨስ ነበር ይሆን እላለሁ።

አሜሪካ ውስጥም አንድ አባት ነበር። ሮድ አይላንድ፣ ኤክሰተር በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1892። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ በሳንባ ነቀርሳ ሞተውበት ወንድ ልጁም ታመመ። ጎረቤቶቹ «ከሟቾቹ አንዷ ደሙን እየመጠጠች ነው» አሉት። የልጁ የሜርሲ ብራውን መቃብር ተከፈተ፣ ልቧ ተቃጠለ፣ አመዱ በውሃ ተበጥብጦ ለወንድሟ ተሰጠ። በሁለት ወሩ ሞተ። ይህን ሳነብ በአባትየው ለመፍረድ አፌ አልተከፈተም።

ትኩሳት ያለው ልጅ ሲንቀጠቀጥ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፤ አታጭሱበት። በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ።

ለልጅ ልጄ ሁሉንም አልነገርኳትም፤ የጀበናዋን ሴትዮ ግን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «ታዲያ ይቅርታ ጠየቅሻት?» አለች።

«አልጠየቅኳትም።»

«ለምን?»

ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር። ቀድቼ ለእናቷ ሰጠሁ፣ እናቷም ዝም አለች።

ሰኞ ጠዋት እናቷ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስታስገባ አየሁ። ማታ ስትመለስ «እሺ፣ በላችሁ?» አልኳት።

«እምቢ አለች» አለችኝ። «እናቴ ከማንም ጋር እንዳትበዪ ብላኛለች አለች። አንድ ነገር ቢሆኑ እኛ ላይ ነው የሚሉት ብላታለች።»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። «ማሚ፣ ነገም ሁለት ማንኪያ አድርጊልኝ» ስትል ሰማኋት።