ከመጎተት በፊት መሸከም
በአሜሪካ ለቤተሰብ ሽርሽር ተጎታች ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው መኪናው ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ነው፤ ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን መኪናው ራሱ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ነው። መልሱ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ተሳፋሪና ዕቃ በአንድነት ከዚያ ክብደት መብለጥ የለባቸውም። 2,268 ኪሎ፣ ማለትም 5,000 ፓውንድ የሚጎትትና 550 ኪሎ የሚሸከም ኤስዩቪ ለምሳሌ ይወሰድ። ከነዕቃው 2,000 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች ለዚህ መኪና የሚበዛበት አይመስልም። ነገር ግን ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመንጠቆው በኩል መኪናው ላይ ያርፋል፤ በ12 በመቶ ቢሰላ 240 ኪሎ ነው። እናት፣ አባትና ሦስት ልጆች 320 ኪሎ፣ ሻንጣና ምግብ 60 ኪሎ ሲጨመሩ ድምሩ 620 ይደርሳል፤ መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ ከአቅሙ በላይ 70 ኪሎ ተጭኖበታል። መንጠቆውን ለማቅለል ዕቃውን ወደ ተጎታቹ ኋላ ማሸሽ ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ ፊቱ የቀለለ ተጎታች በፈጣን መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ መኪናውንም ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ባዶ ክብደትም ማመሳከሪያ አይሆንም፤ 150 ሊትር ውሃ ብቻውን 150 ኪሎ ነው፣ ጋዙ፣ ባትሪውና ድስቱ ገና አልተቆጠሩም። ለዚህ ቤተሰብ የሚስማማው ሞልቶ ከ1,400 ኪሎ የማይበልጥ ተጎታች ነው፤ ከዚያ የከበደ የሚፈልግ መጀመሪያ መኪናውን ይለውጥ።